ዋንዛ ላይ የተሰቀለው ቤንዚን

ታፋ ሞተርን የሚለምነው በኦሮምኛ፣ የሚቆጣው ግን በአማርኛ ነበር። ነቀምት ውስጥ ቡርቃ ጃቶ በኩል፣ ዋንዛ ሥር ጋራዥ ነበረው። ጋራዥ ይባል እንጂ ጣሪያው ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ የዋንዛው ቅጠል ነው።

ያን ጊዜ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። ከጎጃም መጥተው በማርና በቅቤ ንግድ ነቀምት ላይ የታወቁት ወይዘሮ ማዘንጊያ ባላቸው ሲሞቱ አንዲት ግራጫ አውቶሞቢል ቀረችላቸው። ዘመዱ ሁሉ «ይሽጧት» አለ። እርሳቸው ግን ታፋ ዘንድ ሄደው «መንዳት አስተምረኝ» አሉት። ሴት መሪ ስትይዝ በከተማው ታይቶ አይታወቅም። ታፋ አልሳቀም።

«አዴ ማዘንጊያ፣ መሪው ጺም ይጠይቃል እንዴ?» አለና በሩን ከፈተላቸው፤ «አዴ» በኦሮምኛ «ወይዘሮ» ማለት ነው።

መንዳቱን ለምደው አኖ ከተማ ያሉትን እህታቸውን ሊጠይቁ ሲሰናዱ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ተበላሸ። ምትኩ ከአዲስ አበባም ታጣ። ታፋ ከቆመ የጭነት መኪና ላይ አንዱን ፈትቶ ገጠመላት። «አሁን የበሬ ልብ አላት» ብሎ ኮራ።

ታፋን ይዘው ከከተማው ወጥተው ብዙም ሳይርቁ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ትተፋ፣ ትንገጫገጭ ጀመር። ታፋ ወርዶ ክዳኑን ሲከፍት ቤንዚኑ ከአየር ጋር ከሚቀላቀልበት ከካርቡራቶሩ ገንፍሎ ይፈሳል። ወዲያው የጋለው ብረት ላይ ቦግ አለ! እርሱ አፈር ሲዝቅ ወይዘሮ ማዘንጊያ ጥቁሩን የሐዘን ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው እሳቱን አፈኑት።

ታፋ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ።

«አዴ፣ ልገድልዎት ነበር። ከእንግዲህ ይቺን መኪና አልነካም።»

«ታዲያ ማን ሊነካት ነው፣ እኔ?» አሉና የተቃጠለውን ጋቢ አገላብጠው አዩት። «ይሄም ጊዜው ደርሶ ነበር። ተነስ፣ እንግፋ።»

ታፋ ካርቡራቶሩን ፈታታው። ቤንዚን ሲሞላ መግቢያውን የምትዘጋው ትንሽ መርፌ ደህና ነበረች። የጭነት መኪናው ፖምፓ ነው ከአቅሟ በላይ እየገፋ የሚያስከፍታት። ለትልቁ ሞተር የሚስማማው ግፊት ለትንሹ ጎርፍ ሆኖበታል። ልኩስ ምን ያህል ነው? መለኪያ የለው።

ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና አንድ ቀን ቤንዚን የያዘ ቆርቆሮ በገመድ ዋንዛው ላይ ሰቅሎ በረጅም ቱቦ ከካርቡራቶሩ ጋር አገናኘው። ቤንዚን ከላይ ሲወርድ ይገፋል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ግፊቱም ይጨምራል። ገበያተኛው ቆሞ ሳቀበት።

«ታፋ ቀፎ ሰቀለ! ንቡስ የት አለ?»

እርሱ ገመዱን ቀስ እያለ ይስባል፤ ወይዘሮ ማዘንጊያ ካርቡራቶሩ ላይ አጎንብሰው ይጠብቃሉ።

«ደረቅ ነው... አሁንም ደረቅ ነው... ኧረ ፈሰሰ!»

መርፌዋ የተሸነፈችበትን ከፍታ ግንዱ ላይ በቀይ ክር አሰረበት። ከዚያ ቆርቆሮውን ዝቅ አድርጎ ሞተሩን በቆርቆሮው ቤንዚን አስነሳ፤ ፖምፓው የሚገፋውን ቤንዚን ግን ውስጡ በሚታይ ሌላ ቱቦ ሽቅብ ወደ ዛፉ ላከው። ቤንዚኑ ክሩን አልፎ ቅርንጫፎቹ መሃል ገባ፤ የፖምፓው ግፊት መርፌዋ ከምትችለው በላይ ነው ማለት ነው።

ታፋ ወፍራም ወረቀት ቆርጦ በፖምፓውና በሞተሩ መሃል ደረበ። ፖምፓው ከሞተሩ ራቅ ሲል ሞተሩ የሚገፋው ክንዱ እርምጃው ያጥራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። በመጀመሪያ አበዛውና መኪናዋ ዳገት ላይ ተጠምታ ቆመች። ወረቀቱን ቀነሰ፣ እንደገና ለካ። በመጨረሻ ቤንዚኑ ከክሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጸጥ አለ።

«ካኢ ሜ» ብሎ ለመናት፤ ተነሽ እባክሽ ማለቱ ነው። ያንኑ ዳገት ያለ ጭስ፣ ያለ ማንገራገር ወጣችው።

ወይዘሮ ማዘንጊያ አኖ ሲሄዱ ታፋን አጠገባቸው አስቀመጡት። ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ዓይኑን ከድኖ የማያውቀው ሰው፣ የሞተሩን ድምፅ ሲያዳምጥ ሲያዳምጥ አንገቱ ዘንበል አለ። እህታቸው ወይዘሮ በዛብሽ ከደጅ ሊቀበሏቸው ሲወጡ ደነገጡ።

«ምነው፣ ሰውየው ታሟል?»

«ቀስ በይ» አሏቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ በሩን በዝግታ እየዘጉ። «ተኝቶ ነው። ምሳውን አስቀምጪለት።»