እባክዎ ይድገሙልኝ

ነጭ ጋዝ በሸተተኝ ቁጥር ከሽታው ኋላ የአንዲት ሴት ድምፅ ተከትሎ ይመጣብኛል፤ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየቆረጠች፣ «ማኽ ኢክ ኡ ኢትስ ፍራኸን?» ትላለች። በሆላንዶች ቋንቋ፣ በደች፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» ማለት ነው። ሴትዮዋ በእማዬ ስልክ ውስጥ የነበረች የቋንቋ አስተማሪ ስትሆን፣ ነጭ ጋዙ ደግሞ ጆሃንስበርግ፣ አይቮሪ ፓርክ በነበረችው ትንሽ ሱቃችን በጠርሙስ እየቀዳን የምንሸጠው ነበር። እኔና እማዬ ከሱቋ በስተኋላ ባለችው ክፍል እንኖር ስለነበር ሽታው ብርድ ልብሳችን ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር፤ እኔም የሰው ሁሉ ቤት እንደዚያ የሚሸት ይመስለኝ ነበር።

አባዬ እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ ሆላንድ ሄዶ ነበር። የመኖሪያ ወረቀት አግኝቶ እኛን ለመውሰድ ሲጠይቅ፣ እማዬ አስቀድማ ፕሪቶሪያ ወዳለው የሆላንድ ኤምባሲ ሄዳ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ በደች ተጠይቃ በደች መመለስ እንዳለባት ተነገራት። ልትፈተን ስትሰናዳ ኮሮና መጣና ፈተናውም፣ ትምህርት ቤቴም፣ መንገዱም ባንድ ላይ ተዘጋ። ሙቀቱ እየበረደ የሚሄድበት ወራት ነበር። እማዬ ጭምብሏን አድርጋ በመስኮቱ ፍርግርግ ብረት መሃል ዳቦና ስኳር እያቀበለች ደንበኞቿን በዙሉ «ሳውቦና» እያለች ሰላም ስትል ትውላለች፣ እኔ ከኋላዋ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ የሚጫወቱ ልጆችን ድምፅ አዳምጣለሁ። እማዬ በሽታ ፈርታ አታስወጣኝም፣ የልጆቹም እናቶች የሱቅ ልጅ ከብዙ ሰው ጋር ትውላለች ብለው አያስጠጉኝም ነበር።

ስለዚህ ከስልኩ የምንማረውን ደች ከእማዬ ይልቅ እኔ ያዝኩት። ከሁሉ የወደድኩት «ማኽ ኢክ ሜስፔለን?» የሚለውን ነበር፤ «እኔም ልጫወት?» ማለት ነው። ሆላንድ ገብቼ ይህን ስል ልጆቹ ዘወር ብለው ሲያዩኝ፣ የሚዘሉበትን ገመድ ሲያቀብሉኝ ይታየኝ ነበር። እስከዚያው ለአጥሩ እየጠየቅሁ እለማመድ ነበር፤ አጥሩም መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ሰኔና ሐምሌ ሲመጣ፣ የዚያ አገር ክረምት ዝናብ የሌለው ደረቅ ብርድ ነውና፣ የነጭ ጋዝ ማሞቂያችንን መሃል አድርገን፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰን እናጠና ነበር። ሴትዮዋ ጠይቃ ዝም ትላለች፣ መልሱን በድምፅ ካልሰማች ወደሚቀጥለው አታልፍም። እማዬ ግን የሆሳዕና ልጅ ናት፤ አገራችን ሰው «አዎ» ሲል ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል እንጂ ሁልጊዜ አፉን አይከፍትም። «ልጅ አለዎት?» ስትባል «ህ!» ብላ ትንፋሿን ትስባለች፣ ስልኩም ዝም ብሎ ይጠብቃታል።

«እማዬ፣ ትንፋሽ አይሰማም እኮ! ‹ያ› በይ፤ በደች አዎ ‹ያ› ነው» እያልኩ በሳቅ እፈርስ ነበር።

«ሰው ቢሆን ይሰማ ነበር» ትለኛለች። «ይሄ ግዑዝ ምን ያውቃል?»

ካልገባት እንዲደገምላት መጠየቁን ግን ጠንቅቃ ያዘችው፤ «ኩንት ኡ ዳት ሄርሃለን?»፣ እባክዎ ይድገሙልኝ። ስለ ልብስ መሸጫ ከተማርነው ደግሞ «ሌላ ልክ አለዎት?» የሚለውን ወዳው፣ «ሌላ ዳቦ አለዎት? ሌላ ሳሙና አለዎት?» እያለች በደች ሱቁን በሙሉ ትጠይቀኝ ነበር። ያን ክረምት ከእሷ በቀር ያነጋገረኝ ሰው አላስታውስም።

አባዬ እሑድ እሑድ ይደውል ነበር። እማዬ ጤናውን፣ ሥራውን፣ ብርዱን ጠይቃ፣ ልቧ ውስጥ ያለውን ሳትጠይቅ ትዘጋለች፤ ባሏን ፊት ለፊት መጠየቅ በእሷ ቤት ነውር ነበር። ሙቀቱ ተመልሶ ፈተናው ሲከፈትና ቀን ልያዝ ስትለው፣ «ምን አስቸኮለሽ?» አላት። ከዚያ በኋላ እሑድ መዝለል ጀመረ። ዕቃ በመኪናው የሚያመጣልን ነጋዴ ጋሽ ከድር፣ ሆላንድ ዘመድ የነበረው ሰው፣ አንድ ቀን ሣጥን እያወረደ፣ «ሙሉ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ሰውየውን ጠይቂው» አላትና ዓይኗን ሳያይ ወጣ።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ በረዶ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ቆይቶ ባባራበት አንድ እሑድ ከሰዓት አባዬ ደወለ። እማዬ ስኳር በትንንሽ ላስቲክ ትቋጥር ስለነበር ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥኩላት። ጤናውን፣ ሥራውን፣ ብርዱን ጠየቀችው። እዚህ ላይ ትዘጋ ነበር። ያን ቀን ግን እጇን በሽርጧ ጠራርጋ፣ ለፈተና እንደምትቀመጠው ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ «ማኽ ኢክ ኡ ኢትስ ፍራኸን?» አለችው።

አባዬ ሳቀ። «ጎበዝ! ጠይቂ እንጂ።»

«ሄፍት ኡ ኤን አንደረ ፍሮው፣ አልስቱብሊፍት?»

ሌላ ልክ አለዎት የሚለውን ነበር፤ ልኩን አውጥታ ሚስት አስገብታበት። ሌላ ሚስት አለዎት፣ እባክዎ?

ከስልኩ ውስጥ አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ሰማሁ። እኔ ከሰማሁ እሷም ሰምታለች።

«ኩንት ኡ ዳት ሄርሃለን?» አለች እማዬ። እባክዎ ይድገሙልኝ።

«ሙሉዬ፣ ተይ እስቲ... ልጅቷ ትሰማለች...»

«ኩንት ኡ ዳት ሄርሃለን?»

«ያ» አለ አባዬ።

«ዳንክ ኡ ዌል» ብላ አመስግናው ዘጋችውና ስኳሩን መቋጠር ቀጠለች። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። መጀመሪያ ያስለቀሰኝ አባቴ አልነበረም፤ ትዝ ያሉኝ እነዚያ ገመድ የሚያቀብሉኝ የሆላንድ ልጆች ነበሩ፤ ከአጥሩ ወዲያ ካሉት ልጆች ይልቅ እነሱን አውቃቸው ነበርና።

እማዬ ዛሬ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ጻካኔ በምትባል ሰፈር የራሷን ሱቅ ከፍታለች፤ እኔም ለሥራ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። መንገዱ ክፍት ነው፣ አጥርም የለኝ፣ ሰውም እንደ ልብ ነው፤ ያኔ ብርድ ልብሱን የሚጋራኝ ሰው ነበረኝ፣ አሁን ማሞቂያውን የማበራው ለራሴ ነው። ደቹ ከጥቂት ቃላት በቀር ከሁለታችንም ጠፍቷል። እማዬ ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ በትንፋሽ መልሳ አታውቅም፤ አዎ ከሆነ አዎ ትላለች፣ ከሌላም ሰው ትንፋሽ አትቀበልም። ማታ ማታ ትደውልልኝና በልቼ እንደሆነ፣ በሩን ዘግቼ እንደሆነ ጠይቃ፣ መጨረሻ ላይ «ብቻሽን ነሽ?» ትለኛለች። እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደርጋለሁ።

«አልሰማሁሽም፣ ሚጡ» ትለኛለች። «ድገሚልኝ።»

«አዎ፣ እማዬ» እላታለሁ።