የሳንባ ሽፋሽፍት

ስሙ፣ ሐውልት የቆመላችሁና ተራ የምትጠብቁ ሁሉ! ባርኔጣችሁን አውልቁ፤ ስለ አንዲት ከታፊ ሊነገር ነው። አማቷ «ምራቴ ሆስፒታል ሽንኩርት ትከትፋለች» እያሉ ቢያስወሩም፣ የምትከትፈው ከሰው አካል የተወሰደ፣ በሙጫ የደነደነ ቅንጣት ነው። ቢላዋዋ አልማዝ ነው። አንዲት ዘለላ ፀጉር ብትሰጧት ውፍረቷን ሺህ ቦታ ትሸነሽነዋለች። ሽንሽኖቹ ቢላዋው ሥር ባለች እፍኝ የማትሞላ ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ። በምን ትነዳቸዋለች? ከገዛ ዓይኗ ነቅላ እንጨት ጫፍ ላይ በለጠፈቻት ሽፋሽፍት! ሌላው ሁሉ ይቀዳድዳቸዋል።

አንድ ቀን የመጣው ቅንጣት ከእህቷ ልጅ አፍንጫ የተወሰደ ነበር። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እንዳሳለ ነው። ሐኪም ሳይመረምር ሰፈሩ ፈርዷል፤ «እናቱ በብርድ ይዛው ወጥታ ነው!» አባትየው አምኖ ሚስቱን አኩርፏል። የባሰው ግን እሷም ማመኗ ነው።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ አይደል ያጠፋሁት?» አለቻት እህቷ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልየው።»

ከታፊዋ ትንፋሿን ውጣ ቆረጠች፤ እስትንፋስ ሽንሽኖቹን ይበትናላ። ብርማ መልክ ያላቸውን፣ ማለት በልኩ የሳሱትን መርጣ፣ በብርሃን ሳይሆን በኤሌክትሮን ለሚያየው ማይክሮስኮፕ ሰጠችው።

ስክሪኑ ላይ ክብ ወጣ፤ ዙሪያውን ዘጠኝ ጥንድ ቱቦ፣ መሀሉ ላይ ሁለት። ማንም አናጺ ያልለካው፣ በሹሙም በለማኙም አፍንጫ ውስጥ ያለ ያው ክብ! ከየጥንዱ የሚቀዝፉ ትንንሽ ክንዶች መውጣት ነበረባቸው። የልጁ ላይ አንድም የለም። አፉ የማያርፈው የክፍሉ ሐኪም ወንበር ስቦ ጥንዶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ።

እህቷን አስጠራቻት። «ሽፋሽፍቱ አይንቀሳቀስም፤ ከማኅፀን ጀምሮ ነው።»

እናት ልጇን ብድግ አድርጋ ዓይኑን አየች። «ምን ሆነ? ይኸው ያርገበግበዋል እኮ!»

«የዓይኑን አላልኩም፣ አንቺ ጅል! ሳንባው ድረስ የተተከለ፣ አክታ የሚጠርግ ሽፋሽፍት አለ፤ ይህ ክብ የአንዷ ቁራጭ ነው፣ የሚቀዝፍላት ክንድ ግን የላትም። ብርድ አይደለም። አንቺም አይደለሽም። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ነው፣ ግን አለ።»

እናትየው አላለቀሰችም። ስክሪኑ ፊት ቆማ ክቡን ሳትነካ በጣቷ ዞረችው።

«ይህን ሁሉ ሆዴ ውስጥ ማን ሠራው?» አለች በሹክሹክታ። «ክንዱን ብቻ ረስቶ…»

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ሳታይ ከፈረዱት አንዱ ከሆንክ፣ የእናትየው ቤት ሩቅ አይደለም። ሂድና አንኳኳ፤ ስትከፍትልህም ዓይኗን እያየህ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» በላት።