አያ ደሳለኝ የገነቡት ክበብ ለጣሊያን ሲሰጥ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው... እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው።

እዚህ ቡሬ አንድ የቆየ መዝናኛ ክበብ አለን፤ ሻይ የምንጠጣበት፣ ከረንቦላ የምንጫወትበት። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ትናንት አዲሱ ኃላፊ የቤቱን ታሪክ የያዘ ሰሌዳ ሊያስመርቅ እንግዶች ጠርቶ ነበር። እኔም ሻዬን ይዤ ወጣሁ።

ሰሌዳው ሲገለጥ «ይህ ሕንፃ በጣሊያን ጊዜ ተሠራ» ይላል።

ኃላፊው ወደ አንዲት ጠባብ መስኮት እየጠቆመ «ጣሊያን ይቺን ያጠበባት ለመተኮስ እንዲመቸው ነው» አለ። እንግዶቹ ፎቶ አነሱ።

ይሄ ያገራችን በሽታ ነው። ድንጋይ ተስተካክሎ ከተጠረበ የጣሊያን ነው፤ የተጣመመው ብቻ የእኛ።

ከአጠገቤ ሽማግሌው ግንበኛ አያ ደሳለኝ ቆመዋል። በደርግ ጊዜ ያን ግድግዳ ያቆሙት እሳቸው መሆናቸውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«አይ ልጄ» አሉት ረጋ ብለው፤ «ለመስኮት የመጣው ሳንቃ አልበቃ ብሎን ነው ያጠበብናት። ድንጋዩንም የተሸከመው የገጠሩ ሰው ነው። በዓል ቀን እርሻ አይነካም አይደል? ካህናቱ ‹ለሕዝብ ነው፣ ግድ የለም› ብለው ፈቀዱ፤ ከቅዳሴ መልስ እየተሸከመ አመጣልን።»

ኃላፊው ፈገግ አለ። «አባባ፣ ያኔ እንዲህ ያለ ሥራ የእኛ ሰው አይሠራም ነበር። የጽሑፍ ማስረጃ ካለዎት በደብዳቤ ያስገቡ።»

እናንተዬ... የሠራውን ሰው ፊት ለፊት አቁሞ!

አያ ደሳለኝ አልተቆጡም። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና «ከእኔ ጋር የጠረቡት ሁሉ ሞተዋል። የእነሱ ስም እንኳ ቢጻፍ ብዬ ነበር» አሉ። የነገሩት ለእኔ ነው፤ ኃላፊውማ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር።

ያኔ አላስችል አለኝ። «ለመሆኑ ጣሊያን ደብዳቤ አስገብቶ ነው?» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። እንግዶቹ ሳቁ። ሰውዬው ግን «ሥነ ሥርዓት ይኑርህ» ብሎኝ ጭብጨባ አስጀመረ። ሰሌዳውም እንደተሰቀለ ቀረ።

አያ ደሳለኝ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀስ ብለው ወጡ... ማንም «ይቀመጡ» ያላቸው የለም።

አምስት ዓመት ኖሮ ለሄደ ጠላት ሰሌዳ ሰቀልን፤ ዕድሜውን ሙሉ አብሮን ለኖረ ግንበኛ ግን ደብዳቤ አምጣ አልን።