ኦቭን ውስጥ የታቀፈችው ዶሮ

ባለፈው ወር ነው... አመሻሽ ላይ፣ ሞጣ፣ በማላውቀው ሰው ጓሮ ዱካ ላይ ተቀምጬ የሰው ዶሮ ከነእንቁላሏ ታቅፌ ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

እኔ ብቸና ነው የምኖረው። ባለቤቴ ትርንጎ ቤታችን ውስጥ ዳቦ እየጋገረች ለሰፈሩ ትሸጥ ነበር። የምትጋግርበት ኦቭን ከእኔም ከእሷም በዕድሜ የሚበልጥ፣ በሩ እንደ መኪና በር ድም ብሎ የሚዘጋ፣ የድሮ የጣሊያን ዕቃ ነው። አንድ ሆቴል ሲዘጋ ነው የገዛችው። ትርንጎ ብዙም ሳትታመም አረፈች። ቀበርናት።

በሠልስቷ ጎረቤቶች ለለቀስተኛው ዳቦ እንጋግር ብለው ኦቭኑን ሲያበሩት ጠሽ አለና ቀጥ አለ። ሴቶቹ «ውይ፣ እሷን ተከተላት» ብለው እንደ አዲስ አለቀሱ። እኔ ሶኬቱን ነቀልኩና ተመልሼ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ለመናገር ያን ሰሞን ምንም አይሰማኝም ነበር። «አይዞህ» ሲሉኝ «እሺ» እላለሁ። ሻይ ሲሰጡኝ እጠጣለሁ። «አልቅስ እንጂ፣ ይወጣልሃል» ይሉኛል... ከየት ይምጣ?

አንድ ነገር ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። የአርባዋ ዳቦ በራሷ ኦቭን ይጋገር የሚል። ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም።

የሰፈራችን ኤሌክትሪሽያን ፈታታውና የታችኛው የሚግለው ብረት፣ እነሱ ሬዚስታንስ የሚሉት፣ ለሁለት ተበጥሷል አለኝ። «የዚህ ዓይነት አሁን አይመጣም» አለ። ባሕር ዳር አስፈለግሁ፣ አዲስ አበባ አስፈለግሁ። አንዱ ያጥራል፣ አንዱ ጥምዝምዙ አይገጥምም። የምጣድ ሽቦ ሞከርን፤ ብሬከሩን ጣለው።

በመጨረሻ ሚኒባስ የሚነዳ ጓደኛዬ «ሞጣ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ነጋዴ ጓሮ እንደዚሁ ያለ ቆሞ አይቻለሁ፤ የተበላሸ ነው መሰለኝ» አለኝ። በማግስቱ አብሬው ሄድኩ።

እትዬ ዘሀራ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከልጃቸው ከጀማል ጋር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። ብረት ፈልጌ እንደመጣሁ ነገርኳቸውና ወደ ጓሮ ይዘውኝ ገቡ። ኦቭኑ ዳስ ሥር ቆሟል። ያው ራሱ ነው፣ ቀለሙ ሳይቀር።

በሩን ከፈትኩት... ውስጥ አንዲት ቀይ ዶሮ ገለባ ላይ ተኝታ አፈጠጠችብኝ።

«ታቅፋለች» አሉኝ እትዬ ዘሀራ። «ሽለመጥማጥ ሁለት ጊዜ ጫጩት ጨረሰብኝ። እዚህ ሲሆን ማታ ማታ በሩን ለአየር ያህል ብቻ ከፈት አድርጌ በሽቦ አስረዋለሁ። ብረቱን ውሰደው፣ ምን ያደርግልኛል። ግን ስትፈለፍል ና።»

«ዛሬ ነገ የምትፈለፍል ናት?»

«የት! ገና መታቀፏ ነው።»

«አርባው ደርሶብኛል፣ እትዬ።»

«የማን አርባ?»

«የሚስቴ።»

እስከዚያ ድረስ ስለ ብረቱ እንጂ ስለ ትርንጎ አላነሳሁም ነበር።

«አላህ ያጽናህ፣ ልጄ። በል ግባና እህል ቅመስ። ዶሮ ሲመሽ ዓይኗ አያይም፤ ያኔ ብናነሳት አትደነግጥም።»

ሽሮ አቀረቡልኝ። በላሁ።

መግሪብ ከሰገዱ በኋላ ወጣን። ዱካ ላይ አስቀመጡኝና ጋቢዬን ጭኔ ላይ ዘረጉት። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አምጥተው ሆዴ ሥር አስጠጓቸው። ከዚያ ዶሮዋን ቀስ ብለው አንስተው ከላይ አስቀመጧትና ጋቢውን ደረቡብን።

«እንዳትንቀሳቀስ» አሉኝ።

«ብትነቁረኝስ?»

«ዝም ነው የሚባለው።»

ጀማል ጭንቅላቱን ኦቭኑ ውስጥ ከትቶ ብሎኑን መፍታት ጀመረ። ዝጎ እምቢ አለው። ዘይት አመጣ። እናቱ በስልካቸው መብራት ያበሩለታል። እኔ ቁጭ ብያለሁ።

ዶሮዋ መጀመሪያ ተንቆራጠጠች፣ ከዚያ ክንፏን ዘርጋ አድርጋ ተደላደለች። ትሞቃለች... እንዲህ እንደምትሞቅ አላውቅም ነበር። የእንቁላሎቹ ሙቀት በሸሚዜ አልፎ ሆዴ ድረስ ገባ። የልቧ ትርታ መዳፌ ላይ ይሰማኛል። ትርንጎ ካረፈች ወዲህ ሙቀት ያለው ነገር አጠገቤ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር።

አላለቀስኩም። ግን መነሳት አልፈለግሁም።

ጀማል «ወጣ» አለና ብረቱን አሳየኝ። ዝጓል እንጂ ደህና ነው። እትዬ ዘሀራ ዶሮዋን ሊወስዱ ጎንበስ ሲሉ «ትንሽ ትቆይ» አልኳቸው። ምን እንደነካኝ እንጃ።

እሳቸውም ጀማልን «እግረ መንገድህን ገለባውን ቀይርላት» አሉትና አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ምን ትባል ነበር?»

«ትርንጎ።»

«ዳቦዋ ምን ዓይነት ነው?»

ጥቁር አዝሙድ እንደምታበዛ ነገርኳቸው። ሊጡን ስታቦካ ማንም እንዲያናግራት እንደማትፈልግ ነገርኳቸው። ሌላም ሌላም... ብዙ እንዳወራሁ ያወቅሁት ጀማል ገለባውን ጨርሶ ቆሞ ሲጠብቀን ሳየው ነው።

ብረቱ ልክክ ብሎ ገጠመ። አርባዋ ዕለት ኦቭኑ ጋለ፣ ጎረቤቶች ጋገሩ፣ ቄሱም እንግዳውም «የእሷው እጅ ነው» አሉ። እኔም ቆርሼ በላሁ። ጣዕሙ አልተሰማኝም።

ትናንት እትዬ ዘሀራ ደወሉልኝ።

«ፈለፈለችልህ። ሁለቱ ጫጩቶች የአንተ ናቸው፤ ጠንከር ሲሉ መጥተህ ውሰድ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ዶሮ ማርባት አላውቅም።»

«መታቀፉን ችለህ የለ? ሌላውማ ቀላል ነው።»

ብቸና ያላችሁ... ባዶ ካርቶን ካላችሁ አስቀምጡልኝ።