ሊነክስ የተጫነ ቀን

ሰማኸኝ በድንበሯ ከተማ በመተማ ዮሐንስ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ባለቤቱ ሰርክአዲስ ደግሞ ነርስ። ከሥራ መልስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኮምፒውተር ላይ የኳስ ጌም ይጫወታሉ። አርብ አርብ ዓሊ የሚባል ሱዳናዊ ሞባይል ጠጋኝ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ድልድዩን ተሻግሮ ይመጣና ይገጥማቸዋል። ሰርክአዲስ ጎል ስታገባ ጩኸቷ ግቢውን ያናጋው ነበር። ሰማኸኝ በስልኩ ቪዲዮ ይቀርጻታል፤ ሚሞሪው ሲሞላ ወደ ኮምፒውተሩ ያዛውረዋል።

«ጥር ላይ ጎንደር ወጥተን የጥንድ ጌም ውድድሩን ዋንጫ እናመጣለን» ትል ነበር።

በ2007 መስከረም ወባ ጣላት። ወደ ጎንደር ሲወስዷት መንገድ ላይ አረፈች።

ሐዘኑ ትንሽ ሲበርድለት፣ ሰማኸኝ በእሷ ፈንታ ዓሊን አጣምሮ ሊወዳደር ቆረጠ። ኮምፒውተሩ ግን በቫይረስ ተበልቶ፣ የመምቻው ቁልፍ ሲጫን ኳሱ ዘግይቶ ነበር የሚሄደው።

«ኡስታዝ፣ ዊንዶውሱን አጥፍተን ሊነክስ የሚባለውን ሲስተም እንጫንበት» አለ ዓሊ፤ ኡስታዝ የሚለው መምህር ለማለት ነው። «ጌሙ ይፈጥናል። ውስጡ ያለው ግን ሁሉም ይጠፋል። የምትፈልገው ነገር አለ?»

«ቪዲዮዎቿን በፍላሽ ይዣቸዋለሁ።»

ዓሊ ደምስሶ ጫነው። ጌሙ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሰማኸኝ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«እሷ ይኸን ሳታይ!» አለና በቪዲዮ ሊያያት ፍላሹን ሰካ። ቪዲዮው አልከፈት አለው።

ዓሊ ጎንበስ ብሎ አየና ፍላሹን ነቅሎ እንደገና ሰካው።

«ምነው?»

«ኡስታዝ… የገለበጥከው ሾርትከቱን ብቻ ነው፤ ወደ ቪዲዮዎቹ የሚመራውን ምልክት።»

«ቪዲዮዎቹስ?»

ዓሊ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የጠፋ ፋይል ይመልሳል የተባለውን ፕሮግራም ሁሉ እያመጣ ሞከረ፤ የእሷ አንድም አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ አፍሮ ድልድዩን መሻገር ተወ። የጎንደሩም ውድድር ያለ እነሱ አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ሰማኸኝ ራሱ ገላባት ወደ ዓሊ ሱቅ ሄደ። ዓሊ ሲያየው ከመቀመጫው ተነሣ።

«ልትወቅሰኝ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም። ጎል ስታገባ እንዴት ነበር የምትጮኸው? ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ድምፁ ጠፋብኝ።»

ዓሊ ሞከረ።

«እንዲያ አልነበረም» አለ ሰማኸኝ። እሱም ሞከረ። ደንበኞች ዞር ብለው አዩአቸው። ዓሊ እንደገና ሊጀምር ሲል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሰማኸኝ አጠገቡ ተቀመጠ።

በሳምንቱ ሰማኸኝ ጌሙን አጥፍቶ ኮምፒውተሩን ለትምህርት ቤቱ ሰጠ። ተማሪዎች ጽሕፈት ይለማመዱበታል። እሱ ግን ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል በር ላይ ሲደርስ እርምጃውን ያፈጥናል።