አይ ነው ዋይ?

ከደብረ ወርቅ በወጣሁበት ዋዜማ ቤታችን ውስጥ የተለቀሰ እንዳይመስላችሁ፤ የተሳቀ እንጂ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የደብሩን ልጆች ፊደል ሲያስቆጥሩ፣ የበረቱትን ደግሞ ቅኔ ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። ያን ዕለት ማታ ፓስፖርቴን አስመጡና አምፖሉ ሥር ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ስሜን ፈለጉ። እህቴ የሺ በጣቷ አሳየቻቸው።

«ይኼ የትኛው ነው? ንጉሡ ሠ ነው ወይስ እሳቱ ሰ?» አሉኝ።

«አባ፣ የፈረንጅ ፊደል እኮ ነው። እነሱ አንድ ‹ኤስ› ብቻ ነው ያላቸው።»

«አንድ ብቻ? ምስኪኖች! ታዲያ ሥርጉትን እንዴት ብለው ይጽፏታል?»

የሺ በሳቅ ፈረሰች፤ እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እናቴ ያወጣችልኝ ሥርጉት የሚለው ስም በንጉሡ ሠ እንደሚጻፍ አባቴ ለቀበሌውም ለትምህርት ቤቱም ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ማንም ግን ሰምቷቸው አያውቅም። ፓስፖርቱን አጥፈው ሲመልሱልኝ «እንግዲያው አንቺ ሄደሽ አስተምሪያቸው» አሉ።

ሲነጋጋ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። በቢቸና አልፈን ደጀን ስንደርስ የአዲስ አበባን አውቶቡስ ያዝሁ። ዓባይ በረሃ ወርደን ወበቁ በመስኮት ሲገባ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት «ወይኔ፣ ይኼ ነው በረሃ!» አልኋት። ምንም አልገባኝም ነበር። ዱባይ ደርሼ ከኤርፖርቱ በር ስወጣ የተቀበለኝ ትኩሳት የዓባይን በረሃ መናፈሻ አድርጎ አሳየኝ።

ከዚያ በፊት ግን ፓስፖርት ላይ ማኅተም የሚመታው ሰውዬ ነበር። ነጭ ቀሚስ የለበሰ፣ ጢሙን አሳምሮ የተላጨ ጎልማሳ ነው። ስሜን አንብቦ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሰር ጉድ?»

«ሥርጉት» አልሁት።

«ሰር ለወንድ ነው። አንቺ ወንድ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ጉድ ነሽ?»

በእንግሊዝኛ ጥሩ ማለቱ ነበር። እኔ ግን የራሳችን ጉድ መሰለኝና «ገና ምኑን አይተህ» ብዬ በአማርኛ መለስሁለት። ማኅተሙን መታልኝ።

ማደሪያዬ ቤድ ስፔስ የሚሉት ነው፤ ክፍል ሳይሆን አልጋ ትከራያላችሁ ማለት ነው። አከራይዋ እትዬ ብርቄ የሚባሉ የአገራችን ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ቤቱን ከሌላ ተከራይተው ነው። የላይኛውን አልጋ አሳዩኝ።

«መስኮቱን መክፈት ይቻላል?» አልኋቸው።

«መስኮቱ የታችኛዋ ልጅ ድርሻ ነው። አንቺ መብራቱ ደርሶሻል።»

«ሽሮስ መሥራት ይቻላል?»

«ምን ችግር አለው የኔ እመቤት፣ እንዳይሸት አድርገሽ ሥሪ።»

ሽሮ ሳይሸት እንዴት እንደሚሠራ የምታውቁ ካላችሁ ዛሬም ንገሩኝ። እናንተ እዚያ ጋቢ ደርባችሁ በረደን ስትሉ እኔ እዚህ ብርዱ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል? ብርድ የሚገኘው ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ወተት የሚደረደርበት ማቀዝቀዣ ዘንድ ነው። እዚያ ቆሜ ወተት የምመርጥ መስዬ ጉንጬን በብርዱ አስመታለሁ፤ ሽታ የሌለው ብርድ ነው እንጂ። የእኛ ብርድ የረጠበ ገብስ ይሸታል።

ጥቂት ጊዜ ሰው ቤት ከሠራሁ በኋላ ደብረ ማርቆስ የተማርሁት ኮምፒውተር ጠቀመኝና ሠናይ ትራቭል ተቀጠርሁ። ወደ አገር ቤት የአውሮፕላን ቲኬት የምትሸጥ ትንሽ ቢሮ ናት፤ ባለቤትዋ ጋሽ ሠናይ በራሳቸው ስም የሰየሟት። ስልክ አነሳለሁ፣ ቲኬት እቆርጣለሁ፣ ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ አወጣለሁ። ስሙን ያየሁ ቀን አባቴ ትዝ አሉኝ፤ ሠናይም በንጉሡ ሠ ነው፣ ታፔላው ላይ ግን በእሳቱ ጽፈውታል።

ዐቢይ ጾም እንደገባ የሺ ደወለች።

«አባን ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰድኋቸው። የዓይን ግፊት ነው አሉ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እንጠብቀው ነው ያሉት።»

«እኔ ብመጣ ያዩኛል?»

«ቀን ከሆነና ፀሐይ ላይ ከቆምሽ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ። ለፋሲካ ደብረ ወርቅ ገብቼ፣ አባቴ ፊት፣ ፀሐይ ላይ መቆም። ፀሐይ እንደሆነ ዱባይ ሞልቶ ተርፏል፤ አባቴ ናቸው የሌሉት።

ለጋሽ ሠናይ ነገርኋቸው። ሰውየው ቁጡ ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም። «የፋሲካን መቀመጫ በጅምላ ይዣለሁ» አሉኝ። «ማስታወቂያው ይውጣ፣ መቀመጫው ይሸጥ፣ አንዱ የአንቺ ነው። ካልተሸጠ ግን እኔም አንቺም እዚሁ ነን።»

ቁጭ ብዬ ማስታወቂያውን ጻፍሁ፤ ለአባቴ የምናገር መስሎኝ ነው መሰል፣ ከእጄ የወጣው «ለፋሲካ አገርዎ ይግቡ» የሚል ነው። ጋሽ ሠናይ ወደዱት። «‹አገርዎ› ማለትሽ ደግ ነው፤ ሰው ሲከበር ይገዛል» አሉ። ላክሁት። ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያውን ኢንተርኔት ላይ ከሚያወጣልን ድርጅት መልስ መጣ፦ ውድቅ ተደርጓል፤ ማስታወቂያው ላይ የሚታየው አድራሻና የመከታተያው ሊንክ መድረሻ አይገጥሙም።

መከታተያ ሊንክ ማለት ሰው ማስታወቂያውን ሲጫን ከየት እንደመጣ መዝግቦ ወደ እኛ ገጽ የሚያደርሰው መንገድ ነው። ሚኒባስ ላይ ታፔላው ደብረ ማርቆስ ብሎ መኪናው ሞጣ ቢገባ ተሳፋሪው ምን ይላል? ያንን ነው ያሉን። ደንቡ ትክክል ነው፤ ግን እኔ ስጫነው የሚገባው እኛው ዘንድ ነው! ደጋግሜ ተጫንሁት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ የሠናይ ትራቭል ገጽ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። እንደገና ላክሁት። እንደገና ውድቅ።

ድርጅቱ በጽሑፍ የሚያነጋግር ሰው አለው ሲሉኝ እሱን ያዝሁ።

«አድራሻው ይገጥማል» ብዬ ጻፍሁለት።

«ችግርዎ ይገባኛል። አድራሻው አይገጥምም» አለኝ።

«የቱ ጋ ነው ያልገጠመው?»

«መድረሻው ላይ ነው።»

«መድረሻው ላይ ደርሼ እኮ ነው የምጽፍልህ!»

«ሌላ የምረዳዎ ነገር አለ?»

ይኼ ሰውዬ ቀበሌያችን ሠርቶ ያውቃል ብዬ ጠረጠርሁ።

ጋሽ ሠናይ ደግሞ በላዬ ላይ ይጮሃሉ። «ሠናይ ሠናይ ነው! ስሜን ለማሽን ላስተምር እንዴ?» ሆሳዕና እየቀረበ ነው፣ ሌሎቹ ቢሮዎች እየሸጡ ነው፣ እኔ ማታ የላይኛው አልጋዬ ላይ ወጥቼ የአባቴን ዓይን እያሰብሁ ጣራውን አያለሁ። ሥራዬ ሰው አገሩ ማስገባት ሆኖ ራሴ መግቢያ አጣሁ።

አንድ ቀን ተስፋ ስቆርጥ ሊንኩን ለየሺ ላክሁላት። ምናልባት ከአገር ቤት ሲታይ ይለይ ይሆናል ብዬ ነው። ስልኩን ሳልዘጋ እየጠበቅሁ «ተከፈተልሽ?» አልኋት።

«ኔትወርኩ እየጎተተ ነው። አሁን መሐል ላይ ቆሟል። ላዩ ላይ አድራሻ ጽፏል እንጂ ገጹ ነጭ ነው።»

«አድራሻውን አንብቢልኝ።»

«ኤስ፣ ኢ፣ ኤን፣ ኤ፣ አይ…»

«ዋይ ነው?»

«አይ!»

«አይ ምን? ዋይ አይደለም ማለትሽ ነው ወይስ ፊደሉ አይ ነው?»

«አይ ነው እኮ የምልሽ!»

«አይ ነው ዋይ? የሺ ሙች፣ አይ ነው ዋይ?»

«አይ! አይ! ዋይ የለውም!»

ከጓሮ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ከዘራቸው ደጃፉን ሲመታ ይሰማኛል። «ምን ሆናችሁ ነው ዋይ ዋይ የምትሉት? ማን ሞተ?»

የሺ ስልኩን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች መሰለኝ፣ ሳቋ ከታች ነበር የሚሰማኝ። እኔም ቢሮው ውስጥ እየሳቅሁ ጋሽ ሠናይን ጠራኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሠናይ ቢሮውን ሲከፍቱ አድራሻውን በ‹አይ› ገዙት። በኋላ በ‹ዋይ› ያምራል ብለው ሌላ ገዙና አሮጌው ወደ አዲሱ እንዲያሻግር አደረጉ። ማስታወቂያው የሚያሳየው በ‹ዋይ› የሚጻፈውን ነው፤ መከታተያው ግን ዛሬም መጀመሪያ በ‹አይ› ወደሚጻፈው ይሄዳል። ዱባይ ኔትወርኩ ፈጣን ስለሆነ መሐሉን ዓይን አይደርስበትም፤ ደብረ ወርቅ ላይ ግን መንገዱ ላይ ተቀምጦ ታየ። ለእኛ ሁለቱም ሠናይ ናቸው፤ ሰምተን ነዋ የምንጽፈው። ለማሽኑ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

ለአባቴ የሺ አስረዳቻቸው። «ለ‹ይ› ሁለት አላቸው፣ ለሠ አንድ» አሉ። «ተዛብቶባቸዋል።»

‹አይ›ን አጥፍቼ በ‹ዋይ› ተካሁት። በማግሥቱ ተፈቀደ የሚል መልስ መጣ። ከዚያማ ስልኩ አላርፍ አለ። ከሻርጃ፣ ከአቡ ዳቢ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ከመታጠቢያ ቤት ሆነው እያንሾካሾኩ ይደውላሉ። «እህቴ፣ አገርዎ ይግቡ የሚለው እናንተ ናችሁ?» እኛ ነን እላለሁ። አንዷ የይጁቤ ልጅ፣ ገና ድምጿን ስሰማ ያገሬ ልጅ መሆኗን ያወቅሁባት፣ ቲኬቷን ስቆርጥላት አለቀሰች። አብሬያት አለቀስሁ።

አንድ ማለዳ ጋሽ ሠናይ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸው ቁጭ ብለው ሲያናግሩ ደግ ነገር አይደለም።

«ሥርጉትዬ፣ መቀመጫው አልቋል» አሉኝ።

«የኔስ?»

«የአንቺን ትናንት ማታ ሸጥሁት። አንዲት ልጅ እናቷ ሞተውባት ነው፤ እንዴት የለም እላታለሁ? ደግሞስ ይኼ ሁሉ ስልክ እየጮኸ አንቺ ብትሄጂ ማን ያነሳል? ከፋሲካ በኋላ እልክሻለሁ፣ በልጆቼ እምላለሁ።»

ልሳደብ ፈልጌ ነበር። እናቷ የሞተችባትን ልጅ ግን ምን ብዬ ልስደባት? ስልኩ ጮኸ፤ አነሳሁት። «አዎ፣ እኛ ነን።»

ይባስ ብሎ ማስታወቂያው እኔኑ ያዘኝ። ደጋግሜ ስለተጫንሁት ነው መሰል ዜና ሳነብ እሱ፣ የአየር ሁኔታ ሳይ እሱ፦ ለፋሲካ አገርዎ ይግቡ። የጻፍሁት እኔ፣ የምለመነው እኔ።

ቅዳም ሹር ቀን፣ ለምሳ ስወጣ፣ የሕንፃው ጣራ ላይ ወጣሁ። ለየሺ በቪዲዮ ደወልሁና «አባን ደጅ አውጪልኝ» አልኋት። አባቴ ግንባራቸው ላይ ቄጠማ አስረው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። የሺ ስልኩን ፊታቸው ያዘችላቸው። እኔም ከጥላው ወጥቼ ፀሐዩ መሐል ቆምሁ። አናቴን ያቃጥለኛል፣ ግን አልተንቀሳቀስሁም።

«አባ፣ ይታይዎታል?»

«ብርሃን ይታየኛል» አሉ። «መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አለ።»

«እሱ እኔ ነኝ።»

«እንዲያ ነው?» ብለው እጃቸውን ወደ ስልኩ ሰደዱ፤ ስክሪኔ ላይ መዳፋቸው ብቻ ሆነ። «ያ ዋይ ዋይ ያስባላችሁ ነገር ተቃናልሽ ወይ?»

«ተቃና አባ። ብዙ ሰው ገባበት።»

«ምን ብለሽ ብትጽፊው ነው?»

ድምፄን አስተካክዬ፣ ልጅ ሆኜ ፊደል ስቆጥር እንደሚፈልጉት ቃል በቃል አነበብሁላቸው። «ለፋሲካ አገርዎ ይግቡ።»

ለእሳቸው ያልሁ መስሏቸው ነበር።

«እኔማ አገሬ ነኝ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ ግቢ እንጂ።»