ዝግባው ወይስ ሰንደሉ

የአውቶቡስ ሾፌር ናት። ጋራዥ ውስጥ «ናፍጣ» ነው የሚሏት፤ ስሙን ያወጡላት ወንዶቹ ሾፌሮች ናቸው፣ መጀመሪያ ሊያናድዷት፣ ኋላ ግን በፍቅር። ባሏ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለገላዋ ብላ የገዛችው ነገር ቢኖር ሳሙና ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ሽቶ ቤት ገባች። ሻጯ ከላይ እስከ ታች አየቻትና አበባ አበባ ወደሚሸቱት መደርደሪያ መራቻት።

«አበባ አልፈልግም። እንጨት እንጨት የሚል የለም?»

«አለ፤ ግን እሱ የወንድ ነው።»

«አፍንጫዬ ወንድ ሴት አያውቅም፤ አምጪው።»

ሻጯ ሳትወድ በግድ ሁለት ብልቃጦች አወጣች። እንዲህ ያለውን የሚሠሩትም የሚገዙትም ጥቂቶች ናቸው አለች። አንዱን በግራ እጇ አንጓ ላይ ረጨችላት፤ ዝግባ ነው። አሁን የተላገ ሳንቃ፣ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል፤ ደረቅና ኮስታራ። በቀኟ ላይ ሰንደል፤ ለስላሳ፣ ወተት ወተት የሚል፣ ከሥሩ ትንሽ ጭስ ያለው።

«የቱ ይሁንልሽ?»

«ሽቶ እንደ ሰው ነው፤ አብረውት ሳይውሉ አይታወቅም» ብላ ወጣች።

ቀኑን ሙሉ ቀይ መብራት ባስቆማት ቁጥር አንዴ ግራዋን፣ አንዴ ቀኟን ስታሸት ዋለች። ትኬት ቆራጩ «እጅሽን ልትበይው ነው እንዴ?» እያለ ሳቀባት። እስከ ምሳ ሰንደሉ ረታ። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ግን እየጣፈጠ፣ እየጣፈጠ ሄዶ አንገሸገሻት። ዝግባው ንቅንቅ አላለም።

አመሻሽ ላይ የባሏ ታላቅ እህት ሊጠይቋት መጡ። ገና ሲሳሳሙ ቆም አሉ።

«ሽቶ ነው?»

«ሁለት ነው፣ እትዬ። ላማርጥ ብዬ ነው» ብላ እጆቿን ዘረጋችላቸው።

እሳቸውም ሳያስቡት አሸተቱ። «ይሄኛው ደስ ይላል። የግራሽ ግን የወንድ…» አሉና ድንገት ፊታቸው ተለወጠ። «ለመሆኑ ለማን ብለሽ ነው? የወንድሜ አፈር እንኳ ሳይደርቅ!»

እስከዚያች ቀን ድረስ ለእትዬ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

«እትዬ፣ አልቅሼ ቀብሬዋለሁ፤ ዛሬም ይናፍቀኛል። አብሬው ግን አልተቀበርኩም። ለማን ላሉት፣ ለራሴ ነው።»

ሴትዮዋ የቀረበላቸውን ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

በማግስቱ ዝግባውን ገዛችው። ሻጯ «ሰንደሉ ያምርብሽ ነበር» ብትላት፣ «የሚያምርባት ትግዛው» አለቻት።

እሑድ ዘመድ አዝማዱ በእትዬ ቤት ተሰብስቧል። አትመጣም ብለው ነበር። ናፍጣ ከወትሮው ጨመር አድርጋ ተረጭታ መጣችና ሳሎኑ መሃል፣ ከእትዬ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እትዬ ተነስተው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ብርድ ይመታዎታል፣ እትዬ» አለችና ተነስታ ዘጋችው።